በመምህሩ ኮሌታ ላይ የተጻፈው

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ዓይነ ሜትር» በሚል ስም ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላት አላውቅም፤ ያለ ምክንያት ግን አልወጣም። ሰው ገና ከሱቋ ደጃፍ ሲቆም ከራሱ እስከ እግሩ አንድ ጊዜ ታየውና፣ «ደረት ዘጠና ስድስት፣ ወገብ ሰማንያ ስምንት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ተመችቶሃል» ትለው ነበር። ሰውየው ይስቃል። ሜትሩ ተዘርግቶ ሲለካ ግን ካለችው የሚዛነፈው ቢበዛ በጣት ውፍረት ነው።

እኔ የእኅቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ፋብሪካ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቆየው አክስቴ ሱቅ ነበር። እቴቴ እላታለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከአስተማሪዎቼ ዘንድ ቢሆንም ቁጥር የለመድሁት ከርሷ ሜትር ነው፤ እስከ መቶ አምሳ ድረስ፣ ከዚያ በኋላ ሜትሩ ያልቃል።

ሱቋ ጠባብ ናት። ከመስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጠው የስፌት መኪና፣ መሐል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ከወለል እስከ ጣሪያ ምስማር የተመታበት ግድግዳ። እያንዳንዱ ምስማር የአንድ ደንበኛ ነው። በምስማሩ ላይ የዚያ ሰው ልብስ የሚቀደድበት ልክ በወረቀት ተቆርጦ ይንጠለጠላል፤ ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ኪሱ። ወረቀቱ ከየትም የመጣ ነው፤ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ያለፈ ዓመት ቀን መቁጠሪያ፣ የፈተና ወረቀት፣ የፖስታ ጀርባ። «ልብስ ሰፊ ወረቀት አይጥልም» ትል ነበር። ነፋስ በበሩ ሲገባ ግድግዳው በሙሉ ይንሾካሾካል። ልጅ ሳለሁ ያስፈራኝ ነበር።

«እቴቴ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ልብሳችን ዘገየ ነዋ! ሌላ ምን ይላሉ?»

እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ የአክስቴ ሆድ መግፋት ጀመረ። ልጅ ሳትወልድ አርባን ያለፈች ሴት ናትና ጎረቤቱ በደስታ ተንጫጫ። «አልነገርኩሽም? ይመጣል ብዬሽ ነበር!» የሚላት በዛ። እርሷም ለጥቂት ሳምንታት ዝም ብላ የቀሚሷን ወገብ ስታሰፋ አየኋት። ኋላ ግን ደም ይፈሳት ጀመር፤ ሐኪም ቤት ሄደችና ማህፀኗ ውስጥ ያለው ልጅ ሳይሆን ዕጢ እንደ ሆነ ተነገራት። አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ናቸው። ማህፀኑ ከነዕጢዎቹ ወጣ።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሐኪም ቤት ያመጣትም በዚያው መኪና ነው። እኔ በመካከላቸው ተቀምጫለሁ።

«የት ጣሉት?» አለች አክስቴ ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ።

«ምኑን?» አላት ሾፌሩ።

«ያወጡትን።»

«እኔ ምኑን አውቄው። እነሱ የሚያደርጉትን ያውቃሉ።»

«ሰው ጥፍሩን እንኳ ሲቆርጥ የጣለበትን ያውቃል።»

ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። ደግ ሰው ነበር፤ በልጅ ነገር አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ለዚህ ግን መልስ አልነበረውም። እስኪሞት ድረስም፣ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ነው የኖረው፣ መልስ አላገኘለትም። እርሷ ደግሞ አልፎ አልፎ፣ ምሳ እየበላን እንኳ ሳይቀር፣ ጉርሻውን ከአፏ መልሳ «የት ይሆን የጣሉት?» ትል ነበር።

ከቀዶ ጥገናው ሦስት ሳምንት በኋላ የምርመራው ውጤት ደርሷል ተባለና አብሬያት ሄድሁ። ውጤት በመስኮት በኩል የሚያድለው ጸሐፊ ወረቀቱን አየት አድርጎ፣ «ካንሰር የለም፤ እንኳን ደስ ያለሽ!» አላት። ማኅተም ያለበት፣ እንደ ካርቶን ጠንከር ያለ ወረቀት ነበር። የመጀመሪያውን መሥመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ በታች ሌላም ጽሑፍ ነበር፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም አንብቢው አላልኋትም። ደስ ብሎን ነበርና።

አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

እኔ ከሱቋ ብዙ በማይርቅ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ተቀጥሬ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ብቅ እላለሁ። አንድ ቀን ስገባ የስፌት መኪናው ቆሟል፤ እርሷ ወለል ላይ በጎኗ ተኝታ፣ መርፌዎች በዙሪያዋ ተበትነዋል። ስጮህ ዓይኗን ገለጠች።

«አትጩኺ፣ ደንበኛ ታባርሪያለሽ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«መርፌ ላነሣ ጎንበስ ብዬ። በግራ በኩል ስጎነበስ ይመጣል።»

«ምኑ ነው የሚመጣው?»

ቀና ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋ ቆዳዋ ላይ መሥመር አውጥቷል። «ውስጤ አንድ ነገር አለ» አለችኝ። «ስጎነበስ መጥቶ በሩን ይዘጋዋል። ቀና ስል ይመለሳል። ከጀመረ ሰንብቷል።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«የሚያውቀኝ ነገር።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናውን እየረገጠች ሳለ ድንገት እግሯን ታቆምና እጇን ታነሣለች። «እስቲ ዝም በይ… ሰማሽው?» አንድ ጊዜ ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ሰማሁት። የልቧ ምት አለ፤ ከምቱ ኋላ ግን ሌላ ለስለስ ያለ ነገር ይከተላል፤ ጓዳ ውስጥ ሰው በባዶ እግሩ እንደሚሄድ ዓይነት። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ጎትቼ ትልቁ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። የልብ ሐኪሟ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። የልብ አልትራሳውንዱን ደረቷ ላይ ስታሽከረክር እኔም ከአጠገቧ ቆሜ ስክሪኑን አየሁ። በጥቁሩ መካከል አንድ ነጣ ያለ፣ ጣት የመሰለ ነገር፣ ልብ በመታ ቁጥር በልቧ በር ላይ ብቅ እያለ ይመለሳል። ብቅ ይላል፣ ይመለሳል። አክስቴ አንገቷን አዙራ አየችውና፣ ለሰው እንደሚደረገው ያህል፣ ጎንበስ ልትልለት ቃጣት።

በመጀመሪያ የረጋ ደም ነው ተባለ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አንድ ወር ወሰደች፤ ነገሩ እንዳለ ነው። እንደ ገና ሆዷን ጭምር በመሣሪያ አነሡት። ያን ጊዜ ነው ጅራቱ የታየው፤ ከዳሌዋ ተነሥቶ፣ ደም ወደ ልብ በሚመልሰው በትልቁ ሥር ውስጥ እየተሳበ፣ እስከ ልቧ ድረስ የተዘረጋ አንድ ረጅም ነገር። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ፣ ራሰ በራና ቁጡ የሚመስል ሰው፣ እኔን ብቻ ወደ ኮሪደር ጠራኝ።

«እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ ክፉ ካንሰር ነው» አለኝ። «ክፉ ከሆነ ደግሞ ደረትና ሆድ መክፈት እሳቸውን ማሠቃየት ብቻ ነው። ቤታቸው ይረፉ እላለሁ። ሐሙስ ጠዋት ተሰብስበን እንወስናለን።»

«ቆርጦ አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም?»

«ካለበት ቦታ ቁራጭ ብንወስድ ሊበጠስ ይችላል። ከተበጠሰ እዚያው ያልፋሉ።»

የልብ ሐኪሟ ግን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አክስቴን ስትጠይቅ አገኘኋት። «ከዚህ በፊት ቀዶ ጥገና አድርገው ያውቃሉ?»

«ማህፀኔን አውጥተውታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው።»

«ምን ነበር የተባለው? ወረቀቱ አለ?»

ያ ሐኪም ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ መዝገቦቹም ቤቱ ሲፈርስ አብረው ጠፍተዋል። የቀረው አክስቴ እጅ የገባው ወረቀት ብቻ ነው። ሐኪሟ ዓይኗን ከእርሷ ላይ አላነሣችም። «ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ካየሁ ሐሙስ የምለው ይኖረኛል» አለች። «ካላየሁ ግን ባልደረቦቼን ላሳምናቸው አልችልም።»

አክስቴ የአንሶላውን ጠርዝ በጣቶቿ ትለካ ጀመር። «አልጣልኩትም» አለች በመጨረሻ። «ልብስ ሰፊ ወረቀት አይጥልም።»

«ታዲያ የት ነው?»

«ቆርጬዋለሁ።»

«ምን አደረጉት?»

«የሰው ልብስ። ጥሩ ወረቀት ነበር፣ ጠንካራ። ኮሌታ ይሁን ኪስ ግን እንጃ። የማን እንደ ሆነም…» ወደ እኔ ዞረች። «ቤት ውስጥ እንደ ደብዳቤ ተቀምጦ እንዲያየኝ አልፈለግሁም፤ ለዚያ ነው።»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ሱቁን ከፈትሁ። ሁለት መቶ ያህል ምስማር አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት አምስት ቁራጭ። ጽሑፍ ያለበት ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የተሰቀለው፤ በጠመኔ የሚዞርበት ባዶው በኩል ነውና። ከላይኛው ረድፍ ጀምሬ አንድ በአንድ ማገላበጥ ያዝሁ። ነፋስ ሲገባ ያላየኋቸው ሁሉ ይንሾካሾካሉ።

መምህሩ ሸሚዛቸውን ሊወስዱ የመጡት በዚህ መካከል ነው። ጡረታ የወጡ፣ ረጅም ቀጭን አንገት ያላቸው ሰው ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል። አንገታቸው ከተዘጋጀ ሸሚዝ ጋር ስለማይስማማ ከአክስቴ ሌላ የሚሰፋላቸው አልነበረም። ነገሩን ነገርኋቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ በርጩማ ስበው ተቀመጡ፣ የታችኛውን ረድፍ ያዙ።

«የሲሚንቶ… የሲሚንቶ… ቀን መቁጠሪያ…» ይላሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «ይኼ የፈተና ወረቀት ነው። ሒሳብ። አርባ ሁለት ከመቶ።» አየት አደረጉኝ። «የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ።»

«ኧረ መምህር፣ እሱን ይለፉት!»

«እናትሽ ይህን አይታዋለች?»

«እቴቴ ናት የሱሪ ኪስ አድርጋ የደበቀችልኝ።»

«እሺ፣ ኪስ ሆኖ ከጠቀመ አርባ ሦስት አድርጌዋለሁ።»

ሁለት ሰዓት ያህል አገላበጥን። ከሁለታችንም ረድፍ የቀረው አንድ ምስማር ብቻ ነበር፤ የራሳቸው። ሰው የራሱን ፊት በመስተዋት ለማየት እንደሚዘገይ ዘገዩ። ከዚያ አነሡትና ኮሌታውን ገለበጡት።

ማኅተሙ ግማሽ ነበር። መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ለቀስተኛ ፊት እንደሚነበብ፣ አነበቡ። «…ከማህፀን ለስላሳ ጡንቻ የበቀለ ዕጢ። ካንሰር አይደለም።» የቀረውን መቀሱ በልቶታል። ከኮሌታው ኋላ የደረት ኪሱ ተንጠልጥሏል፤ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር ሲያገጣጥሙት ገጠመ። «…በዳር ባሉት ደም መልስ ሥሮች ውስጥ፣ እንደ ገመድ የተዘረጋ ተመሳሳይ ዕጢ ታይቷል። ታካሚዋ በየስድስት ወሩ ተመልሳ ትታይ።»

መምህሩ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወሰዱ፤ የለበሱትን ሸሚዝ ኮሌታ በሁለት ጣት ያዙ።

«ይኼም በዚህ ነው የተቆረጠው» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት። የኔ ሸሚዝ ሁሉ… እሷ በጠመኔ ስትዞርበት፣ ተመለሺ ይላት የነበረው ከሥሩ ነው ያለው።»

በኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ያሰብሁት ይህንን ነው። ስንት ጊዜ አውርዳዋለች? ስንት ጊዜ በመዳፏ ተጭናዋለች? ያ ነገር በውስጧ ስንዝር በስንዝር ሲወጣ እርሷ ከዚህ ወረቀት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበረች።

ሐሙስ ጠዋት የልብ ሐኪሟ ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ አስጠግታ አነበበች። ራሰ በራው ሐኪምም ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ሁለቱም አክስቴ ዘንድ መጡ።

«ሲበዛ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው» አለች ሐኪሟ። «የማህፀን ዕጢ ነው፤ ያው የድሮው። ካንሰር አይደለም። ግን አንዳንዴ ሥር ውስጥ ይገባና በዚያው እየተሳበ ያድጋል። ማህፀኑ ሲወጣ ጫፉ ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በዓመታት ቀስ እያለ ልብ ድረስ መጣ። እሱ ክፉ አይደለም፤ መንገዱ ነው ክፉ። ስለዚህ እናወጣዋለን።»

«በሱሪ ወገብ ውስጥ ላስቲክ እንደሚያስገቡት» አለች አክስቴ።

ሐኪሙ አየት አደረጋት። «እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ ዶክተር፣ ሲያወጡት ጫፉን በደንብ ሳይዙ እንዳይጎትቱ። ከተበጠሰ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ልብሱን እንዳለ መፍታት ነው።»

«እርስዎ ቢያግዙኝ ይሻል ነበር» አለ። ያ ቁጡ ፊት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«የስፌት መኪናዬን ካስገባችሁልኝ።»

ሲወጡ ግን ሳቋ አብሯቸው ወጣ። እጄን ያዘችኝ። «አየሽ?» አለች። «የት ጣሉት ስል አልነበር? አልጣሉትም። እየመጣ ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። ደረቷንም ሆዷንም ከፈቱ። ዕጢው የሚፋፋው በሴት ሆርሞን ነው ብለው እንቁላል የሚያፈልቁትን ሁለቱን እንቁልጢዎችም አወጡ። ሳይበጠስ ወጣ። ስትነቃና ቧንቧው ከጉሮሮዋ ሲነሣላት መጀመሪያ የጠየቀችው ውኃ አልነበረም።

«አሳዩኝ።»

ሐኪሙ በትልቅ ብልቃጥ አመጣው። ነጭ፣ ልስልስ፣ እንደ ተገመደ ክር የተጠማዘዘ ነበር። ዓይኗን ከጫፍ እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ አስኬደችው።

«አርባ አንድ» አለች በደከመ ድምፅ።

ሐኪሙ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አየ። «አርባ አንድ ከግማሽ።»

«አሁንስ የት ልትጥሉት ነው?»

ያንን ጥያቄ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የመለሰላት እርሱ ነው። «አይጣልም» አላት። «ተማሪዎች እንዲያዩት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቁጥር አለው።» ቁጥሩን በወረቀት ጻፈላት። ቤቷ ስትመለስ የደንበኞቿን ልክ በምትመዘግብበት ደብተር ውስጥ፣ ለራሷ አንድ ገጽ ከፍታ፣ ደረት ወገብ ሳትል፣ አርባ አንድ ከግማሽ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም ቁጥሩን።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ኮሌታውንና ኪሱን ወደ ምስማራቸው መለሰቻቸው፤ አሁን ግን ጽሑፉ ወደ ሰው እንዲያይ አድርጋ። መምህሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሸሚዛቸውን በዚያው ነው ያስቆረጡት። «ሌላ ወረቀት ላድርግልዎት?» ስትላቸው፣ «ተዪው፣ ለምጄዋለሁ» ይሏት ነበር። እርሷም በየስድስት ወሩ ሳታጓድል የልብ ሐኪሟ ዘንድ ትሄዳለች፤ እኔም አብሬያት።

እግሯ ዳግም አላበጠም፤ በግራዋ ጎንበስ ብላ መርፌ ማንሣት ቻለች። ሆኖም መኪናውን እየረገጠች ሳለ ድንገት የማቆም ልማዷ አልለቀቃትም። እጇን ታነሣለች፣ አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች። ግድግዳው እንኳ ያን ጊዜ ዝም ያለ ይመስለኛል።

«ምነው እቴቴ? መጣ እንዴ?»

«አይ፤ ምንም የለም።» እንግዳ ሸኝታ በሩን የዘጋች ሴት በምትናገርበት ድምፅ ነበር የምትለው። ከዚያ እግሯ ወደ መርገጫው ይመለሳል።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሄድን ዕለት የልብ ሐኪሟም ፀጉሯ ሸብቶ ነበር። መሣሪያውን ደረቷ ላይ ስታዞር ቆየች። ስክሪኑ ላይ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም። አክስቴ አንገቷን ወደዚያ አዙራ፣ ያለመታከት ትጠብቅ ነበር።

«ልብዎ ንጹሕ ነው፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። «ምንም የለም። ባዶ ነው።»

አክስቴ የሸሚዟን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች።

«ባዶ መሆኑንማ» አለች፣ «እኔም እሰማዋለሁ።»